ከምንጩ የተጫነ ድልድል

በሽኝት ዝግጅት ላይ የሚነገረው ውዳሴ በቀብር ላይ ከሚነገረው የሚለየው ተወዳሹ ተነስቶ ኬክ መቁረጥ በመቻሉ ብቻ ነው። ይህንን ያረጋገጥኩት በቅርቡ ሐይቅ ዳር በሚገኝ አንድ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። «የማይደክም» ተባልኩ፤ «ለሥራው የኖረ» ተባልኩ። ያጨበጨቡት ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ አንቀላፍቼ ስንት ጊዜ እንደያዙኝ በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ከዚያም በሐዋሳ ሙቀት ጋቢ አለበሱኝ። ላቤን እየጠረግኩ አመሰገንኩ።

ጡረታ የወጣሁት በፈቃዴ፣ ከጊዜዬ ቀድሜ ነው። የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ የራሱን ፕሮግራም ትቶ ከማዕከል በሚላክለት ሥርዓት ሊገለገል ወሰነ። እኔም አዲሱን ሥርዓት ከምማር የሐይቁን አሞራዎች ስም ብማር ይሻለኛል ብዬ ወረቀቴን አስገባሁ። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የከረመበትን ጉዞ አልተርክም፤ የዚህ አገር አንባቢ ያለ እኔ ያውቀዋል።

በዚያ ምሽት ከተናገሩት ሰዎች መካከል አንድም ሰው ያላነሳው ነገር ግን አለ፤ የተሰረዘው የድልድል ዝርዝር። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የትኛው ትምህርት ክፍል እንደሚገቡ የሚወስን ዝርዝር ለጠፍን። ተማሪው አነበበ፣ አለቀሰ፣ ጨፈረ። ዝርዝሩ ስህተት መሆኑን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያወቅነውም እኛ ጥቂት የቢሮ ሰዎች ብቻ ነበርን። ዝም ማለት ይቻል ነበር። ዝም ያላለው ሰው ጋሽ ጴጥሮስ ይባላል፤ ሙያዬን ያስተማረኝም እሱ ነው። የሥራ ዘመኔን ትዝታ ጻፍ ስባል ከእሱና ከዚያ ዝርዝር ሌላ የሚነገር ብዙ የለኝም፤ ሌላው መቀመጥ ነበር።

የተወለድኩት እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው፤ ያኔ እንዲህ ሕንፃ ሳይበዛበት። ሥራ የጀመርኩት በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ሲሆን ድርሻዬ የደመወዝ ማስያ ፕሮግራሙ ሲበላሽ መጠገን፣ ሳይበላሽ ደግሞ አጠገቡ መጠበቅ ነበር። አለቃዬ የኮምፒውተሩን መክፈቻ በመሐረብ ይዞ ነው የሚጫነው፤ በሽታው ይተላለፍብኛል ብሎ ይመስለኛል። የእኔ ደመወዝ ከዱቄቱ ቀድሞ ስለሚበን ብዙ አልቆየሁም።

ከዚያ ለሐይቅ ዳር ሆቴሎች የክፍል ማስያዣ ፕሮግራም ወደሚሠራ ትንሽ ድርጅት ሄድኩ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ሌላው ሰው ዳቦ ይዞ እንደሚመጣ እሱ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ይዞ ይመጣል። ትናንት በደንብ ሲሠራ የነበረውን ዛሬ እናፈርሰዋለን፤ ምክንያቱም «ዘመናዊ» አይደለም። የሚሠራ ነገር ማፍረስ ዕድገት ተብሎ የሚጠራበት ሙያ ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ እዚያ ነው። በነገራችን ላይ የእንግዶቹ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነበር፤ ሙቅ ውሃ አለ ወይ? ይህንን በየትኛውም ቋንቋ ጽፈን ልንመልስላቸው አልቻልንም።

ዩኒቨርሲቲው ሰው ይፈልጋል ሲባል አመለከትኩ። ፈታኙ ጋሽ ጴጥሮስ ነበር፤ ከከምባታ የመጣ፣ ረጅም፣ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ሰው። ወደ ሥራ የሚመጣው በብስክሌት ነው፤ ቀኝ የሱሪ እግሩ በላስቲክ እንደታሰረ ቀኑን ሙሉ ይውላል። የምስክር ወረቀቴን ሳያይ በቅርቡ ያነበብኩት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አንድ ልብ ወለድ አልኩት።

«ስንት ጊዜ አነበብከው?»

«አንድ ጊዜ።»

«እንግዲያው አይተኸዋል እንጂ አላነበብከውም» አለኝና ቀጠረኝ።

እሱ የሚሠራበት ቋንቋ ስኪም ይባላል። ከአፍ እስከ ገደፉ በቅንፍ የተሞላ፣ ብዙ ባለሙያ «ለማስተማሪያ ካልሆነ ለምን ይሆናል?» ብሎ የሚያልፈው ቋንቋ ነው። እኔ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚንቀውን ነገር ቆም ብዬ የማየት የቆየ አመል አለብኝ። ወደድኩት። ጋሽ ጴጥሮስ በስኪም የጻፈው የድልድል ፕሮግራም በየክፍሉ ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነበር፤ እያንዳንዱን ክፍል ላይብረሪ እንለዋለን። አንዱ ላይብረሪ የተማሪውን ውጤት ያነባል። «ደንብ» ያልነው የአመዳደቡን ሕግ ይይዛል። «ድልድል» ያልነው ደግሞ ከደንቡ ተውሶ ተማሪውን ወደ ትምህርት ክፍሉ ይልካል።

ሕጉን የጻፈው በአማርኛ ነው። ይህ የእሱ ኩራት ነበር። የሴኔት አባላት ኮምፒውተር ባያውቁም ማንበብ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሚፈርሙበት ሕግና ማሽኑ የሚቀበለው ሕግ አንድ ዓይነት ጽሑፍ መሆን አለበት ብሎ ያምናል። «ከመቶ ሠላሳው ከአንደኛ ዓመት ውጤት፣ ሰባው ከመግቢያ ፈተና» ተብሎ በቅንፍ መካከል ይጻፋል። እርግጥ ማሽኑ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አይገባውም። ስለዚህ ማክሮ የሚባል ነገር አለ፤ የሰውን አጻጻፍ ተቀብሎ ማሽኑ ወደሚያውቃቸው ጥቃቅን ትእዛዞች የሚለውጥ። ጋሽ ጴጥሮስ ይህንን ሥራ «መዘርዘር» ይለው ነበር። ለአዲስ ሠራተኛ ሲያስረዳ ባጃጅ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሹፌሩ ትልቁን ብር አይቶ ዘርዝረህ ና ይልሃል፣ ማሽኑም እንደ ባጃጅ ሹፌር ትልቅ ብር አይቀበልም።

መዘርዘሩ ግን ጊዜ ይወስዳል። ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ሁሉም ላይብረሪ ከምንጩ፣ ማለትም ሰው ከጻፈው ጽሑፍ፣ ተነብቦ፣ ተዘርዝሮ፣ ወደ ማሽን ቋንቋ ተተርጉሞ ከተጫነ በእኛ አሮጌ ሰርቨር ላይ ሰው ምሳ በልቶ ይመለሳል። ስለዚህ ስኪሙ አንዴ ወደ ማሽን ቋንቋ የተረጎመውን፣ እኛ ኮምፓይል የተደረገ የምንለውን፣ በሌላ ፋይል ያስቀምጠዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በቀጥታ ያንን ይጭናል። ይህ በሐይቁ ዳር ገበያ ተገፍፎና ተከትፎ የሚጠብቅህን ዓሣ እንደመግዛት ነው። ፈጣን ነው፤ እጅህ አይሸትም። ነገር ግን ጭንቅላቱና ቆዳው የለምና መቼ እንደወጣ ከሻጩ ቃል በቀር ማወቂያ የለህም።

የስኪሙ ቃል ሰዓት ነው። ምንጩ የተጻፈበትን ሰዓትና ኮምፓይል የተደረገው ፋይል የተሠራበትን ሰዓት ያስተያያል። ምንጩ በኋላ የተነካ ከሆነ፣ ደንቡ ተቀይሯል ብሎ እሱንም ከእሱ የተዋሰውን ላይብረሪም እንደገና ይሠራል። ካልሆነ ያለውን ይጭናል። በተለይ የማክሮ ነገር እዚህ ላይ ይከፋል። ድልድሉ ከደንቡ የተዋሰው ሕግ ተዘርዝሮ በራሱ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። ደንቡን ብትቀይረው ድልድሉ እንደገና እስኪዘረዘር ድረስ አሮጌውን ሕግ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይኖራል፤ ፊቱ ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ስለማውቅ ነገሩ በፍጥነት ነው የገባኝ።

ጋሽ ጴጥሮስ የሻጩን ቃል አያምንም ነበር። ቁም ነገር ያለው ሥራ ከመሠራቱ በፊት ኮምፓይል የተደረጉትን ፋይሎች በሙሉ ያጠፋና ሁሉንም ከምንጭ ያስጭናል። «መጥረግ» ነበር የሚለው። ከዚያ ማሽኑ የዘረዘረውን ስክሪኑ ላይ አውጥቶ በዚያ የመዘምራን ድምፁ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ ቅንፉንም ጭምር። መጀመሪያ ሳየው ያመመው መስሎኝ ነበር። በኋላ እኔም እንደዚያው ሆንኩ፤ ባለቤቴ ስልክ እያወራህ ቅንፍ መክፈት ጀምረሃል ትለኝ ነበር። ኮዱን በቃሌ ላስረዳው ስጀምር ደግሞ የሚያቋርጠኝ ሁሌም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «የተጻፈውን አትንገረኝ፤ የሚሮጠውን አሳየኝ።»

ሴኔቱ ሕጉን የቀየረው ድልድሉ ሊወጣ በተቃረበበት ሳምንት ነው። ክርክሩ ለወራት ቆይቶ ውሳኔው የመጣው በመጨረሻው ዕለት ከሰዓት በኋላ መሆኑ የሚያስገርመው ሴኔት አይቶ የማያውቅ ሰው ካለ እሱን ብቻ ነው። አዲሱ ሕግ የቀድሞው ተገልብጦ የተጻፈ ነበር። ሰባው ከአንደኛ ዓመት ውጤት፣ ሠላሳው ከመግቢያ ፈተና ሆነ። ትርጉሙ ቀላል አልነበረም። በደካማ ትምህርት ቤት ተምሮ ዝቅ ያለ የመግቢያ ውጤት ይዞ መጥቶ ዓመቱን ሙሉ የተጋ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕድል አገኘ ማለት ነው።

በዚያ ዕለት ጠዋት በአሮጌው ሕግ ለሙከራ ጠርገን ሠርተን ነበር። በምሳ ሰዓት መብራት ሄደ፤ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ የሴኔቱ ውሳኔ ደረሰ። ጋሽ ጴጥሮስ ደንቡን በራሱ እጅ ቀየረ፤ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሞከረው፤ ትክክል ነበር። ሰርቨሩ ላይ ጠርጎ እንዳይሠራ ግን ዳይሬክተራችን ዶክተር ሰይፉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዶክተር ሰይፉ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ስልክ የማይዘጋለት ሰው ነበር። ሬጅስትራር እየጠበቀ ነው፣ ተማሪው ደጅ ሞልቷል፣ ከዜሮ እስኪሠራ ማን ይቆማል አለ። ጋሽ ጴጥሮስ ትንሽ አሰበና፣ ምንጩ ስለተቀየረ ማሽኑ ራሱ ያውቀዋል ብሎ ሥራውን አስጀመረ። እንዲህ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ወጣ። ተለጠፈ።

ከተለጠፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ምሕረት የምትባል ተማሪ ወደ ቢሯችን መጣች። ከአለታ ወንዶ ገጠር የመጣች፣ በመግቢያ ውጤቷ ለጥቂት ያለፈች፣ በአንደኛ ዓመት ግን ከክፍሏ አናት ላይ የተቀመጠች ልጅ ነች። ፋርማሲ ነበር የመረጠችው፤ ኬሚስትሪ ደረሳት። ለቅሬታ የሚመጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ወይ ይጮኻል ወይ ዘመድ ይዞ ይመጣል። እሷ ብቻዋን መጥታ ቁጭ አለች።

«ደንቡ ተቀየረ ብላችሁ ስብሰባ ጠርታችሁ ነገራችሁን» አለች። «ደንቡ ከተቀየረ የእኔ ቦታ ለምን አልተቀየረም?»

እኔም በሙያተኛ ትዕግሥት፣ ማለትም ትዕግሥት በሚመስል ንቀት፣ ደንቡን አትሜ ሰጠኋት። በአማርኛ ነውና አነበበችው። ሰባው ከአንደኛ ዓመት ይላል። የተፈረመበትም እሱ ነው። እንግዲህ በአዲሱ ሕግም አልደረሰሽም ማለት ነው፣ ውድድሩ ከባድ ነበር አልኳት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየችው።

«አጻጻፉ ጥሩ ነው ጋሼ። ግን እኔን ኬሚስትሪ ያስገባኝ ይሄ ነው?»

ከኋላዬ የጋሽ ጴጥሮስ ወንበር ተንቀሳቀሰ። መጥቶ በላዬ ላይ አጎነበሰና ሰርቨሩን ድልድሉ ከየት እንደተጫነ ጠየቀው። ከተቀመጠው ፋይል አለ ሰርቨሩ። ከዚያ የፋይሉን ሆድ አስከፍቶ የተዘረዘረውን ማንበብ ጀመረ፤ በዚያ ድምፁ፣ ቅንፉን ጭምር። ሕጉ ያለበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ሠላሳ ከአንደኛ ዓመት፣ ሰባ ከመግቢያ። አሮጌው ሕግ እዚያው ተቀምጧል። ሴኔቱ የፈረመው፣ እኔ አትሜ ያሳየኋት፣ ሁላችንም ደጋግመን አንብበን ትክክል ነው ያልነው ጽሑፍ አንድም ተማሪ መድቦ አያውቅም።

ልጅቷን ሰሞኑን ተመለሺ አላት፤ ስሟንም ጻፈ። ከወጣች በኋላ የፋይሎቹን ሰዓት ተመለከትን። ኮምፓይል የተደረገው ድልድል ያን ዕለት ጠዋት ከአምስት ሰዓት በኋላ እንደተሠራ ይላል፤ ልክ ነው፣ የጠዋቱ ሙከራ ነው። አዲሱ የደንብ ምንጭ ደግሞ በዚያው ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ተጻፈ ይላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሴኔቱ ገና አልወሰነም። ማሽኑ ግን ሁለቱን ሰዓቶች አስተያይቶ፣ ምንጩ ከፋይሉ በፊት የተጻፈ ነው፣ ስለዚህ የሚሠራ ነገር የለም ብሎ አሮጌውን ጭኗል።

ጋሽ ጴጥሮስ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባ፤ ተከተልኩት። ክፍሉን የሚጠብቀው የኤሌክትሪክ ቴክኒሻኑ አቶ ተክሌ ነው፤ የጋሽ ጴጥሮስ እኩያ፣ ጠንቃቃ፣ ሳይጠየቅ ሥራ የሚሠራ። በእኔ ልምድ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ከሰነፍ ይልቅ የሚያስፈራው ሳይጠየቅ የሚሠራ ሰው ነው።

«ተክሌ፣ የዚህን ማሽን ሰዓት ማነው የሚሞላው?»

«እኔ ነኛ» አለ ተክሌ፣ ምስጋናውን ለመቀበል ቀና ብሎ። «ባትሪው ከሞተ ቆየ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋበታል። እናንተ ዞር ብላችሁ አታዩትም።»

«በምን ሰዓት ነው የምትሞላው?»

ተክሌ የእጅ ሰዓቱን አሳየው። «በሰው ሰዓት ነዋ።»

መብራቱ ተመልሶ ተክሌ ማሽኑን ሲያስነሳ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ስምንት ብሎ ሞላለት። ማሽኑ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ ስምንት ሲባል ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው ብሎ አመነ። በአንድ ንክኪ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። ከዚያ በኋላ የጻፍነው ሁሉ ጠዋት ከሠራነው በፊት የተጻፈ ሆነ። ይህንን ስህተት በዓለም ላይ ሊሠራ የሚችለው ቀኑን ከንጋት መቁጠር የሚያውቅ ጤነኛ ሰው ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም ተሳሳተ ለማለት አፌ አይደፍርም። ሰዓቱን ከሌሊት መካከል የሚጀምረው ማሽኑ ነው እንግዳው።

ተክሌ ይህንን ሲያደርግ የቆየው ደግሞ ለወራት ነው፤ ማሽኑ ሌሊት ሌሊት ሰዓቱን ከኔትወርክ ራሱ ስለሚያርም ጠዋት ላይ ልክ ሆኖ ይገኛል። የጋሽ ጴጥሮስ መጥረግ ነገሩን ሸፍኖት ኖሯል፤ ሁሉንም ከምንጭ የሚያስጭን ሰው የማሽኑን ሰዓት ለምን ያያል? ጥሩ ልማድ ደብቆ የሚያኖረው ስህተት አለ፤ ልማዱ አንድ ቀን ሲጎድል በአንድ ላይ ይወጣል።

ባትሪው ተገዛ፣ ሰዓቱ ተስተካከለ፣ ጠርገን ሠራን። ትክክለኛው ድልድል ስክሪኑ ላይ ወጣ። ምሕረት ፋርማሲ። እሷ ብቻ አይደለችም፤ በየትምህርት ክፍሉ ብዙዎች ቦታቸው ተለዋወጠ። ዶክተር ሰይፉ ዝርዝሩን አይቶ ከወንበሩ ተነሳ፤ መስኮቱን ዘጋ። ቅሬታ ያቀረበችው አንድ ልጅ ናት፣ ለእሷ አንድ ወንበር ማስጨመር ከባድ አይደለም፣ ለሌላው ደግሞ ሁሉም ተቀብሎ ተቀምጧል አለ።

«ያልመጡትስ?» አለ ጋሽ ጴጥሮስ።

«ያልመጡት እኮ አያውቁም።»

«እኔ አውቄያለሁ።»

ለሁሉም ወንበር ይጨመር ብዬ እኔ በመካከል ገባሁ፤ ፋርማሲ ቤተ ሙከራው ውስጥ የሚቆምበት ቦታ እንኳን እንደሌለ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ነገሩኝ። በመጨረሻም ዳይሬክተሩ፣ እንግዲያው ሴኔቱ ፊት ቆመህ አንተ ተናገር፤ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው እኔ የለሁበትም አለው። ጋሽ ጴጥሮስም ሱሪው በላስቲክ እንደታሰረ ሴኔት ገባ።

እኔም ሰነድ ተሸካሚ ሆኜ ገብቼ ነበር። ንግግሩ አጭር ነበር። የተለጠፈው ድልድል በቀድሞው ሕግ የተሠራ ነው፤ መጥረግ ነበረብኝ፣ አልጠረግኩም አለ። ስለ ተክሌ ስም አላነሳም፤ ስለ ዳይሬክተሩም እንዲሁ። አንድ ፕሮፌሰር በቅንፍ ከተሞላ ቋንቋ ከዚህ የተሻለ ምን ይጠበቃል ብሎ ሰዎችን አሳቀ። ጋሽ ጴጥሮስም አብሮ ሳቀና፣ የትኛውም ማሽን ጠዋት ነው ካሉት ጠዋት ነው ብሎ ያምናል ሲል መለሰለት። ዝርዝሩ እንዲሰረዝ ተወሰነ። በዚያው ስብሰባ ጋሽ ጴጥሮስ ከኃላፊነቱ ተነስቶ «አማካሪ» ሆነ። ይህ ማዕረግ በመሥሪያ ቤታችን ለመጸዳጃ ቤት የቀረበ ጠረጴዛ ማለት ነው። እሱ ከመስኮቱ ዋንዛ ይታያል ብሎ ወደደው።

ትክክለኛው ዝርዝር በተለጠፈ ማግስት ምሕረት ተመልሳ መጣች። ልታመሰግን መስሎኝ ፊቴን አዘጋጀሁ። ብቻዋን አልነበረችም። ሰላማዊት የምትባል ልጅ ይዛለች፤ የዶርም ጓደኛዋ፣ ከአልጋዋ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛ። ሰላማዊት አዲስ አበባ በጥሩ የግል ትምህርት ቤት ተምራ በከፍተኛ የመግቢያ ውጤት የመጣች፣ በአንደኛ ዓመት ግን መካከለኛ የነበረች ናት። በመጀመሪያው ዝርዝር ፋርማሲ ደርሷት ለቤተሰቧ ደውላ፣ ነጭ ጋዋኗን ሳይቀር አሰፍታ ነበር። በአዲሱ ዝርዝር ቦታዋን ያጣችው እሷ ናት፤ ኬሚስትሪ ተላከች። ከላይ የተኛችውና ከታች የተኛችው ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

ምሕረት ሰላማዊት ከትናንት ጀምሮ እንደማታናግራት ነገረችን። ለእኔ ብላችሁ እንደቀየራችሁት ነው የምታስበው፣ እስቲ ንገሯት አለች። ሰላማዊት ክንዶቿን አጣምራ ቆማ ግድግዳውን ታያለች። እኔ ማስረዳት ጀመርኩ፤ የታተመውን ደንብም አነሳሁ። ጋሽ ጴጥሮስ ወረቀቱን ከእጄ ላይ በቀስታ ወሰደና ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሁለት ወንበር ስቦ ሁለቱን ልጆች ስክሪኑ ፊት አስቀመጣቸው።

ከዚያ ጠረገ። ፋይሎቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ አሳያቸው። ደንቡን ከምንጩ ጫነ፤ ድልድሉን ዘረዘረ፤ የተዘረዘረውን በጣቱ እየተከተለ አነበበላቸው። ይሄ የአንቺ የአንደኛ ዓመት ውጤት ነው፣ በዚህ ይባዛል፤ ይሄ የመግቢያ ፈተናሽ ነው፣ በዚህ ይባዛል። አሮጌው ማሽን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ሦስቱም ስክሪኑን እያዩ ጠበቁ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ስሞች በየቦታቸው ወጡ፤ ዝርዝሩ ላይ እንደተለጠፈው።

ሰላማዊት ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። «መጀመሪያ የወጣውም ከዚሁ ማሽን ነው የወጣው» አለች።

«ከዚሁ ነው።»

«ያኔም እርግጠኛ ነበራችሁ።»

«ነበርን» አለ ጋሽ ጴጥሮስ። «ያኔ ግን ሲሠራ አላየነውም።»

ተነሳች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ጋሽ ጴጥሮስ ይቅርታ ጠየቃት፤ አልተቀበለችውም፤ እንድትቀበለው የምትገደድበት ምክንያትም አይታየኝም። ሕጉ ትክክል መሆኑ ቤቷ ደውላ የምትናገረውን ነገር አላቀለለውም። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞረች።

«ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች መጀመሪያ አሳዩአቸው፤ ከዚያ ለጥፉ። እኔን ለጥፋችሁ ነው ያሳያችሁኝ።»

ጋሽ ጴጥሮስ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱን አስደግፎ ከእኔ ጋር አስፋልቱ ዳር ቆመ። እንግዲህ ኃላፊው አንተ ነህ፤ የነገረችንን ሰምተሃል አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ በኃላፊነቴ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ሆነ። ድልድሉ በአዳራሽ፣ በትልቅ ስክሪን፣ ማንኛውም ተማሪ በተገኘበት ተጠርጎ፣ ከምንጩ ተጭኖ፣ ተዘርዝሮ ይሠራ፤ ከዚያ ይለጠፍ። ዶክተር ሰይፉ ድልድል ሲኒማ አይደለም አለ። ማንም የሚመጣ የለም አልኩት። ማንም ካልመጣ ችግር የለውም ብሎ ፈቀደ።

በመጀመሪያው ዓመት አዳራሹ ሞልቶ ደጅ ተረፈ። ሰላማዊት ሁለተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ሆና መጥታ ከኋላ ቆመች። ጋሽ ጴጥሮስ የተዘረዘረውን በዚያ ድምፁ ሲያነብ ተማሪው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ቆማ ሄደች። ሰላም አላለችንም። ምሕረት ደግሞ ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ ሁለቱ አብረው ይውጡ አይውጡ አላየሁም። በሚቀጥለው ዓመት አዳራሹ በግማሽ ሞላ። ከዚያ ሩብ። ጋሽ ጴጥሮስ ጡረታ ወጥቶ ቡሹሎ አካባቢ ቲማቲም መትከል ጀመረ፤ አንባቢው እኔ ሆንኩ። ድምፄ ቀጭን ስለሆነ ይሆናል ሕዝቡ ይበልጥ ቀነሰ።

ባልደረቦቼ በየዓመቱ ያሾፉብኝ ነበር። ለባዶ ወንበር ቅንፍ ያነባል ይሉኛል። እነሱ ሥራችን ተቀባይነት ያጣ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ሐሳባቸውን ገልብጬ ነው የማየው፤ ገልብጦ ማየት የቆየ በሽታዬ ነው። ሰው ሲጠራጠር ተሰልፎ ይመጣል፤ ካመነ እቤቱ ይተኛል። ሽልማት፣ ጋቢና ኬክ የሰጡኝ ሰዎች ይህንን ባዶ አዳራሽ ቢያነሱልኝ ኖሮ ንግግራቸውን ሳላላብ በሰማሁ ነበር።

በመጨረሻው ዓመቴ የመጣች አንዲት ተማሪ ብቻ ናት። ከፊት ለፊቴ ቆማ አዳራሹ ውስጥ ሶኬት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ዶርም መብራት ጠፍቷል አለች። አሳየኋት። ስልኳን ሰክታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና አጎነበሰች።

ጠረግኩ። ደንቡን ጫንኩ። ድልድሉን ዘረዘርኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ቅንፉን ጭምር። አንድ ጊዜ እንኳን ቀና አላለችም። ስጨርስ የአዳራሹ ጸጥታ ተሰምቷት ይሆናል ቀና አለች።

«ወጣ እንዴ?»

«ወጥቷል።»

«እሺ» አለችና ቻርጀሯን ነቅላ ሄደች፤ ስሟ የት እንደወጣ ስክሪኑን እንኳን ሳታይ።